የእንድሪስ ሚዛንና የኢንጂነሩ ከረጢት

ሰሞኑን ወደ ከሚሴ እህል ተራ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች መጥተው ነበር። ሐኪሞች አይደሉም፤ ሚዛን የሚመረምሩ ናቸው። ጓንቱም የሚዛን ድንጋይ ለመያዝ ነው፤ የእጅ ላብ ሳይቀር ክብደት ያዛባል አሉን። ድንጋይ ይባል እንጂ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፤ በሳጥን ውስጥ ከፋይ ላይ እንደ ሙሽራ አጋድመው ከመጋዘን መጋዘን ይዘውት ዞሩ። እኔ በልጄ በጀማል መጋዘን ደጃፍ ላስቲክ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እህል ስነግድ ኖሬ አሁን የቀረኝ ሥራ የሌላውን ሥራ እያዩ መናቅ ነው፤ ደመወዝ ባይኖረውም ሥራ ፈትቼ ውዬ አላውቅም። ባጃጁ ጥሩንባውን ይነፋል፣ የሚኒባሱ ረዳት "ኮምቦልቻ! ደሴ!" እያለ ይጮኻል፣ ጀማል ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ቀርቅሮ ከአዲስ አበባ ደላላ ጋር በማሾ ዋጋ ይነታረካል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል መርማሪው አንዱን ብረት በሌላው ላይ ሲያስቀምጥ "ቃ" አለ። ያቺ ድምፅ የሟቹን የእህቴን ባል፣ የእንድሪስን ሚዛን አስታወሰችኝ። እንድሪስን ካስታወስኩ ደግሞ ይህ እህል ተራ በዚህ ዓመት በሰውየው ስም ላይ የሠራውን ሥራ ሳላነሳ አልቀርም። የምጽፈው ተናድጄ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

እንድሪስን ያላወቀ ሰው መጀመሪያ ገበያውን ማወቅ አለበት። የሱ ገበያ ጨፋ ሮቢት፣ ከከሚሴ ወጣ ብላ ያለችው፣ ያኔ ይኼ ሁሉ ቆርቆሮ አልነበረባትም። ገበያው ሜዳ ላይ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሸለቆው ማሽላ፣ ከደጋው ባቄላና ገብስ፣ ከቆላው ፍየልና ቅቤ ይመጣል። ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ነጭ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይደርሳል፤ ትንሽ ገንዘብ የቀመሰ ከሆነ ከሽርጡ ሥር ቴትሮን ሱሪ ይለብሳል፣ እንዲታይለትም ሽርጡን ከፍ አድርጎ ያስራል። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ አለ፤ ፀሐይ ሲበረታ ይለሰልሳል እንጂ አያልቅም። ሴቶቹ በጥቁር ሻሽ ላይ ባለ አበባ ሻሽ ደርበው፣ አንገታቸው ላይ ድሪ አድርገው ሲመጡ ሜዳው ያምር ነበር። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ስኳሩ ግን ማንኪያ ያቆማል። ከሻይ ቤቱ ቴፕ መንዙማ ይሰማል፤ ባትሪው ሲደክም የመንዙማው አውጪ ድምፅ እንደታመመ ሰው ይጎተታል፣ ባለቤቱ ባትሪውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጠዋል፣ እኛም ባትሪው ፀሐይ እስኪጠግብ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የአንድ ጣሳ ማሽላ ዋጋ ብነግራችሁ የምቀልድ ይመስላችኋል። አንድ ፍየል የሸጠ ሰው ለሚስቱ ቀሚስ፣ ለቤቱ ጨው፣ ለልጆቹ ከረሜላ ይዞ ይገባ ነበር ብል ይበቃል። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ጀማል የስልክ ካርድ አይሞላበትም።

በዚያ ሜዳ ጫፍ፣ ከዋርካው ሥር፣ እንድሪስ ሚዛኑን ይሰቅላል። ነጋዴ አይደለም፤ መዛኝ ነው። ገዢና ሻጭ በዋጋ ተስማምተው ሲመጡ ይመዝንላቸዋል፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይቀበላል፣ በቃ። ሚዛኑ ሁለት ሳህን በሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ሚዛን ነው። በጨፋ አንድ ደንብ ነበረን። ሻጭም ሆነ ገዢ ጥርጣሬ ከገባው "ገልብጠው" ይላል። ያን ጊዜ መዛኙ እህሉን ወደ ድንጋዩ ሳህን፣ ድንጋዩን ወደ እህሉ ሳህን አዛውሮ እንደገና መመዘን ግዴታው ነው። ሳህኑ ሥር ሙጫ የለጠፈ፣ የሚዛኑን አንድ ክንድ ያስረዘመ ሌባ በዚያች ቃል ይጋለጣል። "ገልብጠው" የተባለ ሰው ከተቆጣ ሌባ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመዝንበትም። እንድሪስ ግን ማንም ሳይጠይቀው ይገለብጥ ነበር። ገበሬው አህያውን ለመንዳት ቸኩሎ "ኧረ ተወው አያ እንድሪስ፣ አምነንሃል" ሲለው፣ "እኔን እመኑኝ፤ ሚዛኑን ግን እኔም አላምነው" እያለ ያዛውራል። የሚዛን ድንጋዮቹንም በየጊዜው ደሴ ድረስ ወስዶ ከመንግሥት ድንጋይ ጋር ያስተያይ ነበር፤ በዚያ መኪና፣ በዚያ መንገድ፣ የብረት ጆንያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ድሮ ሰው ሁሉ እንደሱ ነበር የሚል ሽማግሌ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ድሮም ሌባ ሞልቶ ነበር። ድንጋዩን ከሥሩ ቦርቡሮ እንጨት የሚሞላ ነበር፣ ጥጥ ላይ ውሃ የሚረጭ ነበር፣ ቁና ሲሰፍር ክንዱን ከውስጥ ከትቶ የሚሞላ ነበር። ልዩነቱ፣ ያኔ ሌባ ሌባ መሆኑን ያውቃል፤ ሲሰርቅ ዓይኑ ይሸሻል። የዛሬው ሳያውቀው ይሰርቃል፣ ሳያውቀው ሀብታም ይሆናል፣ ሲነገረውም ይገርመዋል።

እህቴን ዘይነባን ያገባት በዚያው ዘመን ነው። ሽማግሌ ሲልክ አባታችን "ምን አለው?" አለ። "ሚዛን አለው" አሉ ሽማግሌዎቹ። "ሚዛን ይበላል?" አለ አባቴ። ዘይነባ ከጓዳ ሆና ጮክ ብላ ሳቀች፤ ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ስትስቅ እሺ ማለቷ ነው ተብሎ ነገሩ እዚያው አለቀ። ጥሩ ኖሩ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ሲነታረኩ መስማት ከቴፑ ይሻል ነበር። እንድሪስ የሞተ ቀን፣ እንደ ደንባችን፣ ከመቀበሩ በፊት ኢማሙ ተነስቶ "የዚህ ሰው በደል ያለባችሁ ተናገሩ፤ ካልሆነም ለአላህ ብላችሁ አፉ በሉት" አለ። አፉ ማለት ይቅር ማለት ነው፤ የሰው ሐቅ ይዞ የሞተ ሰው ባለሐቁ አፉ ካላለው ወዲያኛው ዓለም ይጠየቅበታል። ያን ዕለት ከዚያ ሁሉ ቀባሪ አንድም የተነፈሰ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከኋላ ሆኖ "እሱ እኛን አፉ ይበለን እንጂ" አለ። ዘይነባ መበለትነቷን በዚያች ቃል ነው የቻለችው። ሚዛኑንም ቤቷ ውስጥ ምሰሶ ላይ ሰቅላ፣ በየሳምንቱ አቧራውን እየጠረገች፣ ከማሳዋ የሚገባውን ሁሉ በሱ ትመዝን ነበር።

ከዚያ የቀይ ቁጥር ዘመን መጣ። መሬት ላይ የተዘረጋ የብረት ሳህን፣ ጫፉ ላይ ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ ቀይ ቁጥር። እህል ተራ ውስጥ "ዲጂታል" የሚለውን ቃል እንደ መሐላ ነው የሚጠሩት። "ዲጂታል እኮ ነው" ካሉ ክርክር አበቃ። ገበሬው ጆንያውን ያስቀምጣል፣ ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይረጋል፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያነብባል፤ ማንበብ የማይችለው ደግሞ ከሚያነብበው በላይ አንገቱን ያሰግጋል። "ገልብጠው" የሚባል ነገር ቀረ። ምኑን ትገለብጠዋለህ? ሳህኑ አንድ ነው። ሌላኛው ሳህን የት እንዳለ፣ በምን እንደሚመዝን፣ ማን እንደነገረው አይታወቅም። ይህን ስጠይቅ ጀማል "አባ፣ ውስጡ ሴንሰር አለ" ይለኛል፤ ሴንሰር ምንድን ነው ስለው ግን ስልክ ይደወልለታል።

እነዚህን ሚዛኖች የሚያስተካክል ሰው ደግሞ አለን። በእኛ ከተማ የስልክ ክዳን በትንሽ መፍቻ የከፈተ ሁሉ ኢንጂነር ይባላል፤ ይኼኛውም እንደዚያው ነው። ሱቁ ከእህል ተራው ጀርባ ነው። የስልክ ልባስ በየቀለሙ ተሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ ይደልቃል፣ እሱ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ለብሶ በመሃል ይቀመጣል። የተቀደደ ያልኩት አርጅቶ አይደለም፤ ተቀድዶ የተሸጠ ነው። እኛ ቴትሮን እንዲታይልን ሽርጥ ስንሰበስብ ይኼ ደግሞ ጉልበቱ እንዲታይለት ገንዘብ ከፈለ። ሚዛን ሲዛባ ነጋዴዎቹ በጋሪ ጭነው ይወስዱለታል። እሱም አንዷን ቁልፍ ጫን አድርጎ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ክብደት ስጠኝ ብሎ ይጠብቃል። የሰጡትን ክብደት ሃምሳ ኪሎ ነው ካሉት አሜን ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለሙን ሁሉ በዚያ ይለካል። "ካሊብሬሽን ተደርጎለታል" ይልና ይመልሰዋል። በምን አስተካከልከው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጠያቂ ቢኖር እንደ ኋላ ቀር ይታያል።

እንዲህ ሆኖ አዲስ ነገር መታየት ጀመረ። ከከሚሴ የተጫነ ማሾ አዲስ አበባ ሲደርስ ይተርፋል። ከኛ እህል ተራ አንሶ ተመዝኖ የወጣው እዚያ ትልቁ ሚዛን ላይ በዝቶ ይገኛል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ "ሚዛናችን ምን ሆነ?" ይላል። የኛዎቹ "በረካ ገባበት" አሉ። ጀማል አንድ ማታ ራት ላይ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ "አልሐምዱሊላህ፣ አባ፣ ዘንድሮ በረካ ነው" አለኝ። በረካ መንገድ ላይ ኩንታል ሲያሳድግ ሰምቼ አላውቅም አልኩት። "አንተ ሁሌ እንደናቅህ ነው" ብሎ ሳቀ። በረካውን ከየጆንያቸው እየቆነጠረ ያዋጣው ገበሬ ነበር።

እህቴ ላይ የደረሰውን ነገር እዚያው ሆኜ አላየሁትም፤ የዓይኔን ሞራ ለማስገፈፍ ደሴ ነበርኩ። የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው፤ ጀማልም በኋላ እየተቅለሰለሰ አምኗል። ዘይነባ አንድ ጆንያ ማሾ በአህያ ጭና መጣች። ቤቷ ውስጥ እየከፈለች በእንድሪስ ሚዛን መዝናዋለች።

"ሰማንያ ነው ልጄ" አለችው ጀማልን። "ኸቤት መዝኜ ነው ያመጣሁት።"

ጀማል ጆንያውን አስቀመጠው። "ሰባ አራት ነው እታ። ይኸው ቁጥሩ።"

"በእንድሪስ ሚዛን ነው እኮ የመዘንኩት።"

"የእንድሪስ ሚዛን አርጅቶ ይሆናል። ይኼ ዲጂታል ነው።"

እሷም እልኸኛ ናት፤ ጆንያውን አሸክማ ወደ ጎረቤቱ መጋዘን ገባች። ሰባ አራት። ወደ ሦስተኛው ሄደች። ሰባ አራት። ሰው ተሰበሰበ። ሦስተኛው ነጋዴ "እታ ዘይነባ፣ ሦስት ሚዛን ተሳስቶ አንድ ሚዛን ልክ ይሆናል?" ሲላት ሳቁ። ከመሃላቸው አንዱ፣ ስሙን ጽፌ ስም እንዲያወጣ የማልፈልገው ሰው፣ "እንግዲያማ ሟቹ ዕድሜ ልኩን እህሉን እያበዛ ሲመዝንብን ኖሯል በሉኛ" አለ። ልጄ ጀማል እዚያው ቆሞ ነበር። የአክስቱ ባል ነው፤ በልጅነቱ ትከሻው ላይ ተቀምጦ ገበያ ያየበት ሰው ነው። ስልኩን ያይ ነበር አሉኝ። ዘይነባ ጆንያውን ጀማል መጋዘን ጥግ ላይ አስጥላ፣ ዋጋውን ሳትቀበል፣ ባዶ አህያዋን ነድታ ሄደች።

ከደሴ አንድ ዓይኔን ተሸፍኜ ስመለስ አገር ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ዘይነባ ቀረች። እህት ታሞ የመጣ ወንድሟን ሳትጠይቅ ስትቀር ነገር አለ። በባጃጅ ጨፋ ወረድኩ። ደጃፏ ላይ አገኘኋት፤ ጫማዋ አቧራ ብቻ ነው።

"የት ጠፋሽ?" አልኳት።

"አፉ ስጠይቅ ከርሜ ነው፣ አያ ሰይድ።"

"ማንን በድለሽ?"

"እኔማ አይደለሁ። ለሟቹ ነው።"

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእንድሪስ ሚዛን እህሉን አብዝቶ ያሳይ ከነበረ፣ ሲጎዳ የኖረው ገዢው ነው። ስለዚህ በእንድሪስ ዘመን ገዢ የነበሩትን ነጋዴዎች ቤት ለቤት እየዞረች፣ የሞቱ ካሉም ልጆቻቸውን እየፈለገች፣ "ባለቤቴ ሐቃችሁን ይዞ ሞቷል፤ አፉ በሉት" ስትል ከርማለች።

"አብደሻል?" አልኳት። "እንድሪስን አታውቂውም?"

"ሦስት ሚዛን ነው አያ። እኔስ አላመንኩም ነበር፤ ሌሊቱን ሳስበው ግን ሦስት ሚዛን እንዴት አብሮ ይዋሻል? ምናልባት እሱም አላወቀ ይሆናል። ያወቀም ያላወቀም ሐቅ ሐቅ ነው። እሱ መቃብሩ ውስጥ በሰው እህል ሲጠየቅ እኔ እዚህ ተኝቼ ላድር ነው? ያ ረቢ።"

ወደ ምሰሶው አየሁ። ሚዛኑ የለም። ዓይኗ እንዳያየው ብላ ለቁራሌው በነፃ ሰጥታዋለች።  ሚስት ባሏን ስትጠረጥር አይቻለሁ፤ የሞተ ባሏን ሳትወድ በግዷ ስትጠረጥር ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

አፉ በሉ የተባሉት ሰዎችስ? ሁሉም አፉ አሉ። ደስ እያላቸው አሉ። ርካሽ ይቅርታ እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንዱ "እኔ እኮ ያኔም ጠርጥሬ ነበር" አላት። አንዱ የጎረቤቱን ሰው ጠርቶ ምስክር አድርጎ አፉ አለ። ሐጂ ከድር ደግሞ እንባውን እየጠረገ "ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ" አላት አሉ። ከድር ድሮ ማሽላ ገዢ ነበር፣ አሁን በልጆቹ ገንዘብ ሐጅ አድርጎ ነጭ ለብሶ ይቀመጣል። አንድ ረቡዕ፣ እንዲከብድ ተቦርቡሮ እርሳስ የተሞላ ድንጋይ በኮሮጆው ይዞ መጥቶ "በኔ ድንጋይ መዝን" ቢለው፣ እንድሪስ ድንጋዩን ገልብጦ ሥሩን ለገበያው አሳይቶ ያባረረው ሰው ነው። ያ ሰው ነው እንግዲህ እንድሪስን አፉ ያለው። ወሬው ከዘይነባ እግር ቀድሞ ከሚሴ ደረሰ። የሟቹ ሚስት ራሷ አመነች ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራል?

ወደ ነጭ ጓንቶቹ ልመለስ። መርማሪው ሃያ ኪሎ ብረቱን ጀማል ሚዛን ላይ አስቀመጠ። ቀዩ ቁጥር ተንቀጠቀጠና አሥራ ስምንት ተኩል ላይ ረጋ።

"ባትሪው ነው" አለ ጀማል።

መርማሪው ብረቱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። አሥራ ስምንት ተኩል። ወደ ሦስተኛው። አሥራ ስምንት ተኩል። ከወንበሬ ተነሳሁ። መርማሪው ግራ ገብቶት "ሁሉም በአንድ ልክ ነው የተሳሳቱት። ማነው ያስተካከለላችሁ?" አለ። ሁሉም ጣቱን ወደ ኢንጂነሩ ሱቅ ቀሰረ፤ ይኸን ሲያደርጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው አየኋቸው። ተግተልትለን ሄድን። ኢንጂነሩ ድምፅ ማጉያውን እንኳ አልቀነሰም።

"በምንድን ነው የምታስተካክለው?" አለው መርማሪው።

"በሃምሳ ኪሎ።"

"እስቲ አሳየኝ።"

ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ ገፋ አድርጎ አወጣው። የሲሚንቶ ከረጢት ነው። መርማሪው ከረጢቱን ዳበሰው፣ ከዚያ በጣቱ አንኳኳው። ደረቅ ድምፅ ሰጠ። ከረጢቱ ክረምት ላይ የሚያፈስ ጣራ ሥር ተቀምጦ ውሃ ጠጥቶ፣ ጠጥቶ ደርቆ፣ ቋጥኝ ሆኗል። ወረቀቱ ግን እንዳለ ነው፤ ሃምሳ ኪሎ የሚለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

"ደርቋል እኮ" አለው መርማሪው።

"ለዚሁ ነው የወደድኩት" አለ ኢንጂነሩ። "አይፈስም፣ አይጎድልም። ሃምሳ ኪሎ ነው፣ ይኸው ተጽፎበታል።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከረጢቱን ወስደው መርማሪዎቹ በብረታቸው ባስተካከሉት ሚዛን ላይ ጫኑት፤ የጠጣውን ውሃ ጨምሮ ሃምሳ አራት ሆነ። የከሚሴ እህል ተራ ሙሉውን ወቅት ውሃ በጠጣ ሲሚንቶ ሲምል ከርሟል ማለት ነው። ሦስቱ ሚዛኖች የተስማሙት ሦስት ምስክር ስለሆኑ አይደለም፤ አንድ ውሸታም ስላስተማራቸው ነው። የሳቀ ሰው አልነበረም። ነጋዴዎቹ በልባቸው ሲያሰሉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ሚዛኑ በተስተካከለ ማግሥትም የማሾ መግዣ ዋጋ ወረደ። ሐቅ ወደ ገበሬው በአንድ በር ሲገባ በሌላው በር አስወጡት።

ዘይነባ ትታው የሄደችው ጆንያ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ጀማልን "አምጣው" አልኩት። ተስተካክሎ አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈበት ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ሰማንያ። ጀማል ቁጥሩን አይቶ "አባ፣ በረካ መስሎን ነበር" አለኝ። ልጄ ነው፣ እወደዋለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ከኢንጂነሩ ከረጢት ለይቼ አላየሁትም። "ተነስ፣ አክስትህ ጋ እንሂድ" አልኩት።

ቤቷ ስንገባ ጀማል ጉልበቷ ላይ ወድቆ "እታ፣ አፉ በይኝ" አለ። "ብያለሁ" አለችው ቶሎ፤ ይህን ቃል ሰሞኑን ለምዳዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ጆንያዋ ነገርኳት። 

"ዱጋዳ፣ አያ?" አለች፤ እውነት ነው? ማለቷ ነው።

"ዱጋዳ። ሰማንያ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያውም በተገፈፈው።"

ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችና አለቀሰች። ያለቀሰችው ለሚዛኑ መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል ግን "ያን ሁሉ ቤት በእግሬ ዞሬ ሌባ ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። "አሁን ተመልሼ ሄጄ ምን ልበል? አፉታችሁን መልሱልኝ ልበል?"

"አዎ፣ እንደዚያ ነው የምትይው" አልኳት። "እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።" ጀማል ብቻ ወለሉን እያየ "ገበያ መሃል ባይሆን ጥሩ ነው፤ ለንግዱም..." ሲል ንግግሩን ሳይጨርስ ትተነው ወጣን።

መጀመሪያ የገባነው ሐጂ ከድር ቤት ነው። ፍራሽ ላይ ተደላድሎ ሙስበሃ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ተቀበለን።

"አያ ከድር" አለች ዘይነባ ቆማ፤ ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም። "ያን ጊዜ አፉ ያልከው ሰው አልበደለህም። የእንድሪስ ሚዛን ልክ ነበር። የተሳሳተው የከሚሴው ነው፣ ተመርምሮ ታውቋል።"

"አብሽሪ ዘይነባ" አለ። "እኔ ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። ያልኩትን አልመልስም።"

"አፉ የሚባል ነገር እኮ የለም። አልሰረቀህም ነው የምልህ።"

"ቢሰርቅም ባይሰርቅም ከልቤ አውጥቼዋለሁ። የሞተ ሰው ነገር አይነሳ፣ ደግም አይደለ።"

እኔ መቼም አልቻልኩም። "አንተ ባለ ቡርቡር ድንጋይ" አልኩት፣ "እሱ ነው አንተን አፉ ማለት ያለበት።" ከድር ፈገግ አለ፤ ምራቁን እንደ ዋጠ ሰው ራሱን ነቀነቀና "አንተንም አፉ ብያለሁ፣ ሰይድ" አለኝ።

በቀጣዩ ቤትም እንዲሁ ነው። በሌላውም። ማንም አልተቆጣን፣ ማንም አላባረረን። ሁሉም ሻይ አፍልተው አስተናገዱን፣ ሁሉም ነገሩን ከልባቸው እንዳወጡት ማሉልን፤ እንድሪስ ምንም አልበደለም ብሎ ያመነ ግን አንድም አላገኘንም። ደግነታቸውን ማን ይለቃል? እንድሪስ ንጹሕ ከሆነ እነሱ ደግ የነበሩበት ያ ቀን ይቀርባቸዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ዳር አረፍ አልን። ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ አቧራውን አራገፈች። ማጽናኛ ፈልጌ አጣሁ፤ መናቅ እንጂ ማጽናናት አልለመድኩም።

"የእውነት ሰርቆ ቢሆን ኖሮ፣ አያ፣ በዚህ ሁሉ አፉ ይኸን ጊዜ ነፃ ወጥቶ ነበር" አለችኝ።